ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምትወዱ የጣና ዳር ሰዎች፣ እስቲ ብቅ በሉ

ደንገል፦
በቀጥታ ልግባ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እወዳለሁ። መጽሐፉንም ፊልሙንም፣ ከሁሉም በላይ ግን ሐሳቡን። ባሕር ዳር ውስጥ ስለ እግር ኳስ የሚያወራ ሰው ለማግኘት ከቤት መውጣት ይበቃል። ስለ ጊዜ ጉዞ ወይም በሌላ ፕላኔት ላይ ስላለ ሕይወት ቁም ነገር አድርጎ የሚያወራ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው። እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እንድንገናኝ ነው።

ብዙ ሰው "የፈረንጅ ተረት ነው፣ ለልጆች ነው" ይላል። አልስማማም። ለእኔ የዚህ ዘርፍ ሥራ ግልጽ ነው። ከዓለም ላይ አንድ ነገር ትቀይራለህ፣ የቀረውን እንዳለ ትተወዋለህ፣ ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ ሳትዋሽ እስከ መጨረሻው ትከተላለህ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተመው የጊዜ ጉዞ መጽሐፍ የቀየረው ነገር ሰው በጊዜ ውስጥ መጓዝ መቻሉን ብቻ ነው። ተጓዡ እስከ 802,701 ዓ.ም. ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው ግን የራሱን ዘመን ሀብታምና ድሃ ነው። ተለያይተው ከመኖራቸው ብዛት ሁለት የተለያዩ ፍጡሮች ሆነዋል፣ አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ ከመሬት በታች። ደራሲው ስለ ማሽኑ ብዙም አይጨነቅም። የሚጨነቀው ስለ ሰው ነው። ይህን መጽሐፍ "ለልጆች ነው" የሚል ሰው አላነበበውም ማለት ነው።

አጀማመሩንም እወደዋለሁ። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የወጣው አመድና ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ስለቀነሰ አውሮፓ በቀጣዩ ዓመት ሙቀት ሳታይ ከረመች። በዚያው በ1816 ጥቂት ወጣቶች ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሊዝናኑ ሄደው ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አላቸው። እስቲ እያንዳንዳችን የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ሜሪ ሼሊ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። ፍራንከንስታይንን የጀመረችው እዚያ ነው፣ በ1818 ታተመ፣ ብዙዎችም የዘርፉ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ይሉታል። ሐይቅ፣ ዝናብ፣ ቤት የዋሉ ወጣቶች። ለእኛ የቱ ጎደለን?

ደግሞ አንርሳ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። መጽሐፉ ሮም ላይ በ1908 ታተመ። የአማርኛ ልብ ወለድ ከዚህ ሐይቅ ዳር በተነሳ ሰው ከተጀመረ፣ ሳይንሳዊውም ከዚሁ የማይነሳበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጣና ላይ የሚሆን ታሪክ ጻፉ ብትባሉ የምትቀይሩት አንድ ነገር ምንድነው?

ዘጌ_ቡና፦
ኧረ ደስ ሲል! አፈወርቅን ስታነሳው ልቤ ሞቀ። እኛ ጋ ስለ እሱ የሚያወራ ወጣት እያለቀ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰማይን መመርመር ከማንም አልተማርንም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1770ዎቹ ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪሄድ ድረስ እነሱ ጋ የጠፋ መጽሐፍ ነበር። ሄኖክ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ የፀሐይን በሮች ያያል፣ የነፋሳትን መዝገብ ያያል፣ መልአኩ እየመራ ያስጎበኘዋል። ከዚህ የሚበልጥ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የት አለ?

ሰባታሚት፦
ወንድሜ ዘጌ ቡና፣ በፍቅር ነው የምናገረው። መጽሐፈ ሄኖክ በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ራሱ "ይህ አልሆነም፣ እኔ ፈጥሬው ነው" ብሎ የሚያቀርበው ነው። ቅዱስ መጽሐፍ እንደዚያ አይደለም። እኔም የጠፈር ፊልም እወዳለሁ፣ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አንቀላቅል።

ዘጌ_ቡና፦
ገባኝ። ክብሩን ለመንካት ብዬ አይደለም። "ልብ ወለድ" ያልኩትን ትቻለሁ፣ ሐሳቤ ግን ይቆይ። እዚህ አገር ሰማይ ለአንባቢ ባዕድ ነገር አይደለም።

ደንገል፦
ሰባታሚት ልክ ነው። የዘጌ ቡና ሐሳብም መያዝ አለበት። በሄኖክ ውስጥ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ በስድስት በሮች ትገባለች፣ ወቅቱ ሲለዋወጥ ከበር ወደ በር ትዘዋወራለች። ይህን ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ የፀሐይን መውጫ ተከታተሉ። በሰኔ ወደ ሰሜን ጠጋ ትላለች፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትሸሻለች። ይህን እየቆጠሩ፣ ባሕረ ሐሳብ እያሰሉ፣ በዓላትን ሲያውጁ የኖሩ ሰዎች ናቸው በየደሴቱ የነበሩት። ስለዚህ አንድ አማርኛ አንባቢ የጠፈር ታሪክ ሲያነብ ከዜሮ አይጀምርም። ደራሲ ከዚህ ብዙ ሊወስድ ይችላል፣ ሃይማኖቱን ሳይነካ።

የፔዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዝርዝራችሁ ውስጥ እስካሁን ያለችው ሴት ሜሪ ሼሊ ብቻ ናት፣ ስለዚህ ልግባ።

ንኔዲ ኦኮራፎር የናይጄሪያ ተወላጅ አሜሪካዊት ናት። "ቢንቲ" የምትባል አጭር ልብ ወለድ አላት፣ በ2015 ወጥታ የዘርፉን ትልልቅ ሽልማቶች፣ ሁጎንም ኔቡላንም አሸንፋለች። ባለታሪኳ ከናሚቢያ የሂምባ ሕዝብ የሆነች ልጅ ናት። ሒሳብ ላይ አንደኛ ናት። ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላታል። ቤተሰቧ አትሂጂ ይሏታል፣ በሌሊት ተነስታ ትሄዳለች። ሂምባዎች ፀጉራቸውንና ገላቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይቀባሉ፣ እሷም ያንን ይዛ ነው መንኮራኩር ውስጥ የምትገባው። ሰው ያፈጥባታል፣ ፀጉሯን ይነካካል።

እኔ ከገጠር መጥቼ ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ስገባ እናቴ ቅቤ ቀብታኝ ነበር። ዶርም ውስጥ ሽታው ምንድነው ተባለ። ቢንቲን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ከምድር በጣም ርቆ የተጻፈ ታሪክ የእኔን የመጀመሪያ ሳምንት ነገረኝ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስለ ሌሎች ነው የምትሉ ሰዎች እሷን አንብቡ። የኦክታቪያ በትለርን "ኪንድረድ"ንም ጨምሩ። የ1979 መጽሐፍ ነው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ከ1976 ካሊፎርኒያ ተነጥቃ ባርነት ወዳለበት ሜሪላንድ ትሄዳለች፣ ማሽን የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ እዚያ ግን ቁስሉ እውነተኛ ቁስል ነው።

ፊዚክስ_መምህር፦
የፔዳዋ፣ ስለ ቢንቲ የጻፍሽው ልብ ይነካል። ፈልጌ አነባታለሁ።

እኔ ግን "ማብራሪያ የለም" የሚለው ላይ እቆማለሁ። ሳይንሱን የሚያከብር ታሪክ ነው የሚማርከኝ። ተማሪዎቼን ወደ ፊዚክስ የምስበው በዚህ ነው። ለምሳሌ ማርስ ላይ ብቻውን የቀረውን ሰው ታሪክ ብዙዎቻችሁ በ2015ቱ ፊልም አይታችሁታል። ድንች ይተክላል፣ ውሃ ከነዳጅ ያወጣል፣ ኦክስጅኑንና ምግቡን በቀን ያሰላል። ግሩም ነው። ግን መነሻው ላይ ያለው ማዕበል አይሆንም። የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ አየር ውስጥ ነፋሱ ምንም ቢፈጥን መንኮራኩር ገፍቶ አይጥልም፣ ፊት ላይ ለስለስ ያለ ነፋስ ነው የሚሆነው። ደራሲው አንዲ ዊርም ይህን እያወቀ ለታሪኩ ሲል እንዳስገባው ተናግሯል። ይህ አይነቱ ነገር ክፍል ውስጥ ሲነሳ ተማሪው ከወንበሩ ይነሳል። "መምህር፣ ታዲያ በምን ይውደቅ?" ይለኛል። ያኔ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ሌላ የምወደው ስሌት ልንገራችሁ። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቨርን በ1865 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ሲልክ የመረጠው ቦታ ፍሎሪዳ ነው። ከ100 ዓመት በኋላ አፖሎ 11 የተነሳውም ከፍሎሪዳ ነው። አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ምድር ስትዞር ምድር ወገብ ላይ ያለን ነገር በሰከንድ 465 ሜትር ገደማ ይዛው ትሄዳለች። ወደ ምድር ወገብ በቀረብክ ቁጥር ሮኬትህ ይህን ፍጥነት በነፃ ያገኛል። ፍሎሪዳ ላይ 408 ገደማ ነው። ባሕር ዳር ላይ አስሉት፣ 455 ገደማ ይመጣል። እንበልጣለን! ችግሩ ሮኬት ወደ ምሥራቅ ነው የሚተኮሰው፣ ከእኛ በስተምሥራቅ ደግሞ ወሎና አፋር አሉ፣ የሚወድቀው ቁራጭ ሰው ላይ ይወድቃል። ጣልያኖች በ1960ዎቹ ኬንያ ማሊንዲ አካባቢ ባሕር ላይ ማስወንጨፊያ የተከሉት ለዚህ ነው፣ ምድር ወገብ ቅርብ፣ በስተምሥራቅ ውቅያኖስ። የኛን የማስወንጨፊያ ችግር የሚፈታ ደራሲ ካለ የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ።

ደንገል፦
መምህር፣ ይህ ራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል! እኔ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚሄድ ልጨምር። ደራሲው አርተር ክላርክ በጥቅምት 1945 አንድ የሬዲዮ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጣ። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሳተላይት ብናስቀምጥ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው ሰው ቆሞ ይታያል፣ ሦስት ቢሆኑ ደግሞ ዓለምን ያዳርሳሉ አለ። ያኔ አንድም ሳተላይት አልነበረም። ዛሬ ከቀበሌ 14 እስከ ግሽ ዓባይ ጣሪያው ሁሉ ላይ ዲሽ አለ። ዲሽ ሠሪው አንዴ አስተካክሎት ከሄደ በኋላ ለዓመታት የማይነካው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሳተላይቱ ከቦታው ንቅንቅ ስለማይል ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ በወረቀት ያሰበው ነገር ጣሪያችን ላይ ተተክሏል።

አዲስ_ገቢ፦
እኔ ፊልም እንጂ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም። እንግሊዝኛዬም መካከለኛ ነው። ከየት ልጀምር? በአማርኛስ ምን አለ? ዴርቶጋዳ ይቆጠራል ወይ? እኔ ያነበብኩት እሱን ብቻ ነው፣ በአንድ ሌሊት።

የፔዳዋ፦
ዴርቶጋዳ ጥሩ ንባብ ነው፣ ግን ለእኔ የስለላ ልብ ወለድ ነው። ሳይንሱ ጌጥ ነው።

ደንገል፦
እኔ ከዚህ እለያለሁ። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ በ2001 ዓ.ም. (ይህ እንኳ በኛ ነው) ሲወጣ ከተማው ሁሉ ያነበው ነበር። በኢትዮጵያዊ ሳይንቲስቶች ላይ የቆመ ታሪክ፣ ጣናና ገዳማቱ ያሉበት ታሪክ። ሳይንሱ መምህርን ያረካል አልልም። ግን ቴክኖሎጂና ገዳም አንድ ገጽ ላይ አብረው መቀመጥ እንደሚችሉ ያሳየው እሱ ነው፣ አንባቢውም ይህን በደስታ ተቀብሏል። ለእኔ ይቆጠራል፣ በደንብ ይቆጠራል።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የጎጃሙ አቤ ጉበኛ "አልወለድም" ላይ ገና በማህፀን ያለ ልጅ አልወለድም ብሎ እንዲከራከር አድርጓል። ሳይንስ የለበትም። አንድ ነገር ቀይሮ እስከ መጨረሻው መከተል ግን በደንብ አለበት። በንጉሡ ዘመን የታገደው በከንቱ አይደለም።

ለአዲስ ገቢ የምመክረው ከአጭር ታሪክ መጀመር ነው። አይዛክ አሲሞቭ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። "አይ፣ ሮቦት" የሚለውን ስብስብ ያዝ። ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ፣ እንዲታዘዝ፣ ራሱን እንዲጠብቅ የሚሉ ሦስት ሕጎች አሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ታሪክ ሕጎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ምን እንደሚፈጠር ያሳያል። አንዱን ታሪክ በአንድ ቁጭታ ትጨርሰዋለህ። ፊልም ከፈለግህ ደግሞ "ክረምብስ" አለ። ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው የ2015 ፊልም ነው፣ በአማርኛ። ዓለም ካለቀች በኋላ ዳንኤል ታደሰ ብቻውን በዚያ መልክዓ ምድር ውስጥ ሲሄድ ስታይ ቀረጻው አገርህ ውስጥ መሆኑን ማመን ያቅትሃል።

ፖሊ_የድሮው፦
ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ በድሮው ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) የተማርኩ ነኝ። ኮሌጁ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው የተሠራው፣ እኛም ስለ መጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ስለ ጋጋሪን እየሰማን ነው ያደግነው። የእናንተ ዝርዝር በአብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሆነ። ሩሲያዎቹን አትርሱ።

አሌክሳንደር ቤልያየቭ የሚባል ደራሲ በ1928 ስለ ውሃ ሰው ጽፏል። አንድ ሐኪም አንድ የታመመ ሕፃን ለማዳን የሻርክ መተንፈሻ ይተክልለታል። ልጁ ባሕር ውስጥ እንደ ዓሣ ይኖራል፣ ዶልፊን ይጋልባል። ከዚያ አንዲት ልጅ ይወዳል። ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ የብስ ላይ መኖር ያቅተዋል፣ የብስ ላይ ከቆየ ደግሞ ይሞታል። ሐይቅ ዳር ለሚያድግ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አልችልም። ጣና ውስጥ በዋኘሁ ቁጥር አስበው ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሶላሪስ አለ። መጽሐፉ የፖላንዳዊው የስታኒስላቭ ሌም ነው፣ 1961። ሩሲያዊው ታርኮቭስኪ በ1972 ፊልም አደረገው። ፕላኔቷን የሸፈነው ውቅያኖስ ራሱ ያስባል። ሰዎቹ ለብዙ ዓመታት ያጠኑታል፣ ምን እንደሚያስብ ግን አይገባቸውም። እሱ ግን የእያንዳንዳቸውን የተደበቀ ሐዘን አውጥቶ ፊታቸው ያቆመዋል። ፊልሙ ረጅም ነው፣ ዝግ ያለ ነው። አትቸኩሉበት።

የፔዳዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ውሃው የሚያስብበትን ታሪክ ዛሬውኑ ነው የምፈልገው።

ሐይቅ_አጥኚ፦
ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። በሙያዬ ዓሣ ነው የማጠናው፣ ስለዚህ ለደንገል ጥያቄ የምሰጠው መልስ ያው ዓሣ ነው። ግን አትናቁት።

ጣና ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ገደማ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ግን መልካቸውም ምግባቸውም ተለያይቷል። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ ልንገራችሁ። የዚህ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም! ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ ሳይኖረው አዳኝ ሆነ። እንዴት ሊሆን ቻለ ካላችሁ፣ ሐይቁ ውስጥ የእነሱን ቦታ የሚሻማ ሌላ ዓሣ አልነበረም። ከታች ደግሞ ጢስ እሳት አለ፣ ከ40 ሜትር በላይ ፏፏቴ፣ ከታችኛው ዓባይ ምንም ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ሐይቁ ለብቻው የተቆለፈ ዓለም ነው። የሌላ ፕላኔት እንስሳት መፍጠር የሚፈልግ ደራሲ ሆሊውድ ሳይሄድ እዚሁ ዓሣ አጥማጆች ሲያራግፉ ቆሞ ይመልከት።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ደለል አውጥተው አይተዋል። ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ሙሉ በሙሉ። ዓባይ ከዚህ አይነሳም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ጠይቁ፣ ዓሦቹ ያኔ የት ነበሩ? በወንዞቹ ውስጥ ተሸሽገው? ይህ ሁሉ ዝርያ ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ ነው? እኛ ሙያተኞቹ ገና እንከራከርበታለን።

ደንገል፦
ወይ ጉድ። ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፣ ተነሳሁ። በቃ የምቀይረው ነገር ተገኘ። ዝናብ ይቁም። ሌላ ምንም አልነካም። ወራሪ ከሰማይ አይመጣም፣ ሮቦት የለም። ክረምቱ ብቻ ይቀራል፣ በሚቀጥለውም ይቀራል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ይደርቃሉ። መምህር፣ ጣና ስንት ዓመት ይቆያል?

ፊዚክስ_መምህር፦
ለግምት ያህል እንሥራው። የጣና ጥልቀት በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቁ ቦታ 14 ገደማ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ይህን ያህል ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ፀሐይና ነፋስ በዓመት ከ1.5 ሜትር በላይ ውሃ ያተንናሉ። የሚገባ ውሃ ከሌለ በመጀመሪያ የሐይቁ ወለል ከዓባይ መውጫ ደፍ በታች ይወርዳል፣ ያኔ ዓባይ ከዚህ መነሳቱን ያቆማል። ጢስ እሳት ጭጋጉ ይጠፋል፣ በለስ ማመንጫው ውሃ ያጣል፣ መብራት ይሄዳል። ይህ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትነት ብቻ ነው። 9ን ለ1.5 አካፍሉ። በ6 ዓመት ውስጥ አብዛኛው ሐይቅ የብስ ይሆናል። ጥልቁ ቦታ ቢበዛ 9 ዓመት ይቆያል፣ እሱም እየጨቀየና ጨው እየበዛበት።

አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሐይቅ የነበረው ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ሜዳ ነው።

ዘጌ_ቡና፦
የኛ ዘጌ ታዲያ ኮረብታ ብቻ ልትሆን ነው? ቡናው ከሐይቁ እርጥበት ውጭ ይቆማል ወይ? ደቅ ደሴት በእግር ይኬድ? ይህ አስፈሪ ነው፣ ግን ማንበብ እፈልጋለሁ።

ሐይቅ_አጥኚ፦
ደንገሉም ያልቃል፣ ታንኳ የሚሠራበት የለም። እምቦጩ ደርቆ ምንጣፍ ይሆናል። ነጭ አሳ መሸሻ ወንዝ ስለሌለው ይሞታል። አምባዛ ግን ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ጭቃው ውስጥ ከሁሉም በኋላ ነው የሚቀረው። ለታሪኩ ይህ ይጠቅማል።

የፔዳዋ፦
እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዘኝ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኔ ሁልጊዜ ከጀልባ ላይ ነው የማያቸው። ውሃው ከሄደ ደሴቱ ደሴት አይደለም። በእግሬ እየሄድኩ ስመጣ የት ነው የምቆመው? ወሰኑ የት ነው? ሰባታሚት፣ አንተ ታውቃለህና ንገረኝ፣ ልጣላ አይደለም የምጠይቀው።

ሰባታሚት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ሥርዓቱን የሠራው ውሃው አይደለም። የብስ ላይ ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማትም አሉ፣ እነሱ ወሰናቸውን በአጥር ወይም በመስቀል ምልክት ያስታውቃሉ። ስለዚህ አባቶች ተሰብስበው አዲስ ወሰን ይከልላሉ። ግን ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። ጭቃው እየደረቀ ሲሄድ በየዓመቱ ወሰኑን ማንቀሳቀስ አለባቸው ወይስ የድሮውን የውሃ ዳር ይጠብቃሉ? መነኮሳቱ መካከል ክርክር ይነሳል። ሌላም አለ። እስከ ዛሬ ውሃው የጠበቃቸው የብራና መጻሕፍትና የነገሥታት አፅም ማንም በእግሩ ሊደርስባቸው ነው። ጥበቃው ማን ነው? ምናልባት በዙሪያው ያሉ መንደሮች፣ ሴቶቹም ጭምር።

የፔዳዋ፦
በቃ። ባለታሪኳ ከድሮው የውሃ ዳር ላይ ሆና የምትጠብቅ ሴት ናት። ውስጥ ገብታ የማታውቀውን ነገር ትጠብቃለች። ባሏ ጀልባ ነጂ ነበር፣ አሁን ሥራ የለውም። አምስተኛው ዓመት ላይ እጀምራለሁ፣ ጭቃው ገና ሰው በማይሸከምበት ጊዜ። ምክንያቱም ሌባው የሚመጣው ጭቃው መሸከም በጀመረበት ሳምንት ነው።

ደንገል፦
ጻፊው! ዝናቡ ለምን እንደቆመ ማብራራት አለባት ትላላችሁ? እኔ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሴትዮዋ አታውቅም፣ ሬዲዮው የተለያየ ነገር ይላል፣ ያ ይበቃል።

ፊዚክስ_መምህር፦
እኔ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፣ ግን ለደራሲዋ ብቻ። እሷ ምክንያቱን ካወቀች ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ አቧራውን አትሳሳትም። አንባቢው ባይነገረውም ይሰማዋል። የሕንድ ውቅያኖስና የአትላንቲክ እርጥበት እንዴት እዚህ እንደሚደርስ በሁለት ገጽ ጽፌ እልክልሻለሁ።

ፖሊ_የድሮው፦
ልጄ፣ በአማርኛ ጻፊው። እንግሊዝኛው ይደርሳል። ሊዩ ሲሺን ቻይና ውስጥ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ኢንጂነር ሆኖ እየሠራ በገዛ ቋንቋው ነው የጻፈው፣ ተተርጉሞ በ2015 የሁጎ ሽልማትን ወሰደ። በለስም ጢስ ዓባይም የሚሠሩ ልጆች ይህን ክር ካነበባችሁ እናንተንም ነው የምለው።

አዲስ_ገቢ፦
አሲሞቭን በስልኬ ጀምሬያለሁ፣ ሁለተኛው ታሪክ ላይ ነኝ። ሮቦቱ በሁለት ሕጎች መካከል ተይዞ ክብ ይዞራል፣ ልተኛ አልቻልኩም። የፔዳዋ፣ ረቂቁ ሲያልቅ እኔም ላንብብ?

የፔዳዋ፦
የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዚሁ እለጥፋለሁ። ሐይቅ አጥኚ፣ የጣናን ወለል ጥልቀት የሚያሳይ ካርታ አለህ? አምስተኛው ዓመት ላይ ውሃ የቱ ጋ እንደሚቀር ማወቅ አለብኝ።

ሐይቅ_አጥኚ፦
አለኝ። ነገ ቢሮ ስገባ ስካን አድርጌ እልካለሁ። ጥልቁን ቦታ በቀይ አከብልሻለሁ።